ዕረፍት በስንት ይገዛል?

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይል ነበር የድሮ ሰው። ይህ አባባል የእጅ ስልክ ከመምጣቱ በፊት የተነገረ መሆን አለበት። ዛሬ ያላዩት አገር የሚባል ነገር የለም። ታክሲ ለመያዝ ተሰልፋ የቆመች እናት፣ ልጆቹን አስተኝቶ እንቅልፍ የሚጠባበቅ አባወራ፣ ከሥራ ወጥታ በአውቶቡስ የምትሳፈር ጸሐፊ፣ ሁሉም በመዳፋቸው በያዟት ስልክ ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ባሕር ሲመለከቱ ያመሻሉ። ያዩት አገር ደግሞ ይናፍቃል። ከመናፈቅም አልፎ ዕቁብ ያስገባል፤ አንዳንዴም ያስበድራል።

በቅርቡ በሻይ ሰዓት የሥራ ባልደረቦቼ ይህንኑ ሲያወሩ ነበር። አንዷ የእህቷ ልጅ ከሠርጓ በኋላ ወደ አንድ ደሴት ካልሄደች ጫጉላው ጫጉላ አይመስላትም አለች። ማልዲቭስ፣ ሲሼልስ፣ ዛንዚባር የሚሉት ስሞች እንደ ሶደሬና እንደ ላንጋኖ በቀላሉ ከአፍ ሲወጡ ሰማሁ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩትም የምናገረው አጥቼ ሳይሆን ሄጄ አይቼው ስለ መጣሁ ነው። የዛሬውን ዓምድ ለዚህ ጉዳይ መስጠቴ አንድም ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ እንዲጠቀምበት፣ አንድም ከሄድኩበት አገር ይልቅ በተመለስኩበት ቤቴ ያየሁት ነገር ስላለ ነው።

የሄድኩት በራሴ ገንዘብ አልነበረም፤ በታናሽ እህቴ ገንዘብ ነው። እህቴ ከ2002 ዓ.ም. እስከ 2013 ዓ.ም. በቤይሩት ከተማ በሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። አሠሪዎችዋ በበጋው ወራት ቅዳሜና እሑድ በባሕሩ ጠረፍ ወዳለ መዝናኛ ይሄዳሉ። እሷም ሕፃናቱን እንድትጠብቅ አብራ ትሄዳለች። በመዋኛው ገንዳ ዳር ፎጣ ይዛ ትቆማለች፤ ልጆቹ ከውኃው ሲወጡ ትጠቀልላቸዋለች፤ የምግቡን ዘንቢል ትሸከማለች። እግሯን ወደ ውኃው ማስገባት ግን ክልክል ነው። በዚያ አገር ብዙ መዝናኛዎች የቤት ሠራተኞችን ከመዋኘት ይከለክሉ እንደነበር የሰብአዊ መብት ተከራካሪዎች በየጊዜው ዘግበውታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የሊባኖስ የቱሪዝም ሚኒስቴር ሰውን በዘሩና በዜግነቱ እየለዩ መከልከል እንደማይገባ ለመዝናኛዎቹ እስከ መጻፍ ደርሷል። ይህ መጻፉን ለእህቴ በስልክ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ በነበረችበት ገንዳ ዳር ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም።

«እትዬ፣ ግድ የለም፤ አንድ ቀን እኔም እንደነሱ እጋደማለሁ፤ ፎጣውን የሚያቀብለኝ ሌላ ሰው ይሆናል» ትለኝ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የሊባኖስ ባንኮች ሲዘጉና የአገሩ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎችዋ ደመወዟን መክፈል አቆሙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የምትሠራበት ቤት መስተዋት በሙሉ ረገፈ። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። የ7 ወር ደመወዟ እንደ ወጣ ቀረ። ደግነቱ እናታችን ከሚላክላት ላይ እየቆነጠረች ታስቀምጥላት ኖሮ፣ በዚያ ገንዘብ አነስተኛ የባልትና ሱቅ ከፈተች። በርበሬና ሽሮ፣ ሚጥሚጣና ቅመማ ቅመም ትሸጣለች። ሱቁ ቆሞ ሲሄድ ያቺን የቤይሩቷን ቃል አልረሳችም ነበርና፣ በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ደሴት ልውሰዳችሁ አለች። እናታችን «እኔን ባሕር ምን ያደርግልኛል? ይልቅ ቁልቢ ውሰጂኝ» ብለው እምቢ አሉ። የተረፍኩት እኔ ነኝ።

ጉዳዩን የያዘልን አስጎብኚ ወኪል ያሳየን ሥዕል እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ከበራፉ ሥር የሚጀምር ባሕር፣ ሁለት ዘንባባ፣ በዘንባባዎቹ መካከል የተወጠረ መረብ አልጋ። ዋጋው ለሁለት ሰው፣ ለ4 ሌሊት 1,240 ዶላር ሲሆን የአውሮፕላኑ ቲኬት ለብቻው ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር ምን ያህል ዶላር እንደሚገዛ ለዚህ ዓምድ አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በከፈልንበት ቀን ሒሳቡ ከ160,000 ብር በላይ መጣ። እህቴ ገንዘቡን ስትቆጥር ስንት ኪሎ በርበሬ እንደሆነ በልቧ እያሰላች እንደነበረ ከፊቷ አውቄአለሁ።

«እንዲያውም ቅናሽ አግኝታችሁ ነው፤ በሌላ ወቅት ቢሆን እጥፍ ነበር» አለን ወኪሉ። ቅናሹ ለምን እንደመጣ አልጠየቅንም። የመጀመሪያው ስሕተታችን ይህ ነበር።

ዛንዚባር በታንዛንያ ሥር ያለች፣ የራሷ ፕሬዚዳንት ያላት የደሴቶች አገር ናት። ከዋናዎቹ ደሴቶች አንደኛዋ ኡንጉጃ፣ ሁለተኛዋ ፔምባ ትባላለች። እኛ ያረፍነው ኡንጉጃ ነው። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያ የሚገባ የውጭ አገር ጎብኚ 44 ዶላር የመድን ክፍያ ይጠየቃል። ወኪሉ ይህን አልነገረንም ነበርና ለሁለታችን 88 ዶላር ገና በመግቢያው ወጣ። ከዚያም በመኪና ወደ ምሥራቁ ጠረፍ ተጉዘን ሆቴሉ ስንደርስ መሽቶ ነበር።

ክፍሉ ሰፊ ነው፤ አልጋው ላይ በአበባ ቅጠል ልብ ተሥሎበታል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የኖረ ቤት ጠረን አለው። አጎበሩ በሁለት ቦታ ተቀዷል። የሻወሩ ውኃ ጨው ጨው ይላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄነሬተር ይነሣል፤ ጄነሬተሩ ያለው ደግሞ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ነው። «ባሕር የሚታይበት ክፍል» ተብሎ የተከፈለበት ስለነበር እንግዳ ተቀባዩን ጠየቅነው። «ከሰገነቱ ጥግ ሆነው ወደ ግራ ሲመለከቱ ይታያል፤ ጠዋት ያዩታል» አለን በትሕትና።

በማግሥቱ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ እህቴ አዲሱን የዋና ልብሷን ለብሳ፣ በላዩ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከእኔ ቀድማ ወጣች። ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች።

«እትዬ፣ ባሕሩ የታለ?»

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ወጥቼ ሳይ በእርግጥም ባሕሩ የለም። ከበራፋችን ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ እርጥብ አሸዋ፣ አረንጓዴ ሣርና ድንጋይ ነው። አንዲት ጀልባ በጎኗ ተጋድማለች። ባሕሩ በሩቅ፣ ማዕበሉ ዐለት ላይ በሚፈርስበት ቦታ ነጭ ክር መስሎ ይታያል።

ማንም አልሰረቀውም። የዛንዚባር ባሕር በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በቀንና በሌሊት ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ጨረቃ አዲስ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፤ እኛ የሄድነው አዲስ ጨረቃ ልትወለድ ስትል ነበር። በምሥራቁ ጠረፍ ደግሞ በስተውጭ የኮራል ዐለት አጥር ስላለና መሬቱ ዝቅታ ስለሌለው ውኃው ሲሸሽ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሊርቅ ይችላል። በሰሜኑ ጫፍ ባሉት በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ጉድለቱ ይህን ያህል አያስቸግርም። ወኪላችን ከዚህ አንዱንም አልነገረንም። ሥዕሉ የተነሣው ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው። ሥዕል ዋሽቷል አይባልም፤ ያልተናገረው ግን ብዙ ነው።

ባሕሩ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣ። ከእርሱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ግን ዝናቡ መጣ። በዛንዚባር ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ የረጅሙ ዝናብ ወራት ነው፤ ከሁሉም የሚከፋው ሚያዝያ ነው። የቅናሹ ምሥጢር ይኸው ነበር። ውኃው ሲመጣ እኛ በሰገነቱ ጥግ ቆመን፣ ወደ ግራ አንገታችንን አስግገን፣ በዝናብ ውስጥ ተመለከትነው። «ሁሉም ተካቷል» የተባለው ምግብም የታሸገ ውኃንና ቡናን አያካትትም ኖሮ ለአንድ ስኒ ቡና 4 ዶላር ተጠየቅን። ያውም ቡና ከሆነ ነው። ቡና አገሩ የሆነ ሰው የተንቆረቆረ አጥቢ ጠጥቶ 4 ዶላር ሲከፍል ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ ልተወው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ያናድዳል እንጂ አያሳዝንም። የሚያሳዝነው በሁለተኛው ቀን መጣ።

ባሕሩ ስለሌለ እንግዳው ሁሉ በመዋኛው ገንዳ ዙሪያ ተሰብስቧል። እህቴ ቀሚሷን ለብሳ በገንዳው ዳር ባለ ወንበር ተቀምጣለች። እኔ በአጠገቧ ተጋድሜአለሁ። አንዲት የውጭ አገር ሴት ትንሽ ልጇን ከውኃው አወጣችና ወደ እህቴ ዞር ብላ እጇን ዘርግታ «ፎጣ» አለቻት። እህቴ ብድግ አለች። ከመደርደሪያው ፎጣ አንሥታ ወሰደች፤ ወስዳም አልቀረች፣ ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ ጠቅልላ፣ ጸጉሩን አደራርቃ ለእናቱ ሰጠቻት። ሴትዮዋ አመስግና ሄደች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ጥቁር ሴት ስታይ አሳላፊ ትመስላታለች፣ ይኸው ነው።

እህቴ ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ተናድጄ ሴትዮዋን ልከተላት ስነሣ ክንዴን ያዘች።

«ተያት እትዬ። እሷ እኮ ምንም አላደረገችኝም። እጄ ነው ቀድሞኝ የተነሣው።»

ከዚያ በኋላ ወደ ገንዳው አልተመለሰችም። 11 ዓመት በልቧ ያስቀመጠችው ነገር በአንዲት ፎጣ ምክንያት ሲበላሽ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ ምን ብዬ እንደማጽናናትም አላወቅሁም።

በክፍላችን ውስጥም እንዲሁ ነበረች። ጠዋት ስትነሣ አልጋውን ታነጥፋለች፤ ፎጣዎቹን ታጥፋለች፤ ከሻወሩ ወለል ላይ ጸጉር ትለቅማለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትመጣ የሚሠራ ነገር ታጣለች። በሦስተኛው ጠዋት ሠራተኛዋ አንጀቷ አልችል ብሏት «ዳዳ፣ እባክሽ ተዪልኝ፤ አለቃዬ ሥራ የፈታሁ ይመስለዋል» አለቻት። «ዳዳ» በስዋሂሊ እህት ማለት ነው። ይህን የተናገረችው ግን በዐረብኛ ነበር። እህቴ በዐረብኛ መለሰችላት። ሁለቱም ተደነቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትዮዋ በኦማን፣ በሙስካት ከተማ በሰው ቤት ሁለት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ዛንዚባርን በአንድ ዘመን ያስተዳድሩ የነበሩት የኦማን ሡልጣኖች ስለነበሩ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ግንኙነት የቆየ ነው። ዛሬም ብዙ የታንዛንያ ሴቶች ለቤት ሥራ ወደዚያ ይሄዳሉ። የሙስካት ዐረብኛና የቤይሩት ዐረብኛ አንድ ባይሆንም የማዕድ ቤቱ ቋንቋ አንድ ነው። «ፓስፖርትሽን ማን ያዘው?» «ማዳሟ።» «እንቅልፍስ?» «ከልጆቹ ጋር መሬት ላይ።» እኔ ቃሉ አይገባኝም፤ እህቴ ቆይታ ተረጎመችልኝ። በሚነጋገሩበት ጊዜ ግን አንደኛዋ የትራሱን ልብስ አንድ ጫፍ፣ ሌላኛዋ ሌላውን ጫፍ ይዘው አብረው ሲያጥፉ አየሁ። ከሁለቱ ማን እንግዳ፣ ማን ሠራተኛ እንደሆነች አይለይም ነበር።

ሴትዮዋ ስትወጣ «ባሕሩ የጠፋባችሁ ከሆነ ነገ ጠዋት እናቴ ዘንድ ልውሰዳችሁ» አለች። የመጨረሻው ጠዋታችን ነበር። ከሥራዋ በፊት መጥታ፣ እህቴና እኔ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ውኃው በሸሸበት መሬት ላይ ተከትለናት ሄድን።

ከሆቴሉ ስናየው ባዶ የመሰለን ሜዳ ባዶ አልነበረም። እርሻ ነው። በእንጨት ችካል መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ ቁርጥራጭ የባሕር ሣር በየቦታው ታስሯል። ሴቶቹ ቁርጭምጭሚት በሚያክል ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብለው ያስራሉ፤ የደረሰውን ይለቅማሉ፤ በጆንያ ይሸከማሉ። ይህ እርሻ በዚሁ ጠረፍ በፓጄና በጃምቢያኒ መንደሮች የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከአምራቾቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ሣሩ በ6 ሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ በፀሐይ ደርቆ ወደ ውጭ አገር ይላካል። ከእርሱ የሚወጣው ማወፈሪያ በአይስክሬም፣ በጥርስ ሳሙናና በቅባት ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ ሴቶች በእጃቸው ገንዘብ የያዙት በዚህ ሥራ ነው። አሁን ግን ባሕሩ እየሞቀ በመሄዱ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት በብዙ ቦታ አልበቅል ብሏል፤ የቀረው ርካሹ ነው።

ስለዚህ እኛ «ባሕሩ የታለ?» ብለን ያማረርንበት ሰዓት ለነሱ የሥራ ሰዓታቸው ነው። ባሕሩ ሲሞላ እነሱ ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ሆቴሉ ያን ጊዜ ሥዕሉን ይመስላል።

እህቴ ከእናትየዋ ጎን ጎንበስ ብላ ገመዱን ያዘች። አንድ ጊዜ አሳዩአት፤ ሁለተኛውን ራሷ አሰረች። እኔ ወገቤን ሲያመኝ ቀና ብዬ ቆምኩ፤ እሷ ግን ውኃው ተመልሶ ቁርጭምጭሚታችንን አልፎ እስኪመጣ ድረስ አልቆመችም። በኋላ ስጠይቃት «በዚያ አገር ያረፍኩባት አንዲት ሰዓት ብትኖር እሷ ናት» አለችኝ። እየሠሩ ማረፍ እንዴት ያለ ነው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ምናልባት ልዩነቱ ማንም ያላዘዛት መሆኑ ይሆናል።

የሒሳቡን ነገር ላሳጥረው። ስንወጣ የቡናው፣ የውኃውና የ«አገልግሎት ክፍያ» ተብሎ የተጨመረው ሲደመር 97 ዶላር ተጠየቅን። እህቴ ደረሰኙን በዝርዝር አስጽፋ፣ ወኪሉ የላከልንን መልእክት አውጥታ ከፊታቸው አስቀመጠች። የአገልግሎት ክፍያው ተሰረዘልን። ስለ ክፍሉ፣ ስለ ጄነሬተሩና ስለ ሰገነቱ ጥግ ግን የተመለሰልን ነገር የለም። አዲስ አበባ ያለው ወኪል ደግሞ «ዝናቡንና ባሕሩን እኛ አናዝዛቸውም» ሲል መለሰልን። ዝናቡን ማዘዝ አይችልም፤ ወሩን መንገር ግን ይችል ነበር።

ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስንሄድ በከተማው በኩል አለፍን። «የድንጋይ ከተማ» የሚባለው አሮጌው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዳራጃኒ በሚባለው ገበያ እህቴ ቅርንፉድ ስታይ ዓይኗ በራ። ቅርንፉድ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ የአበባ እምቡጥ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ ደሴቶቹ ገብቶ በአንድ ወቅት ከዓለም ገበያ አብዛኛውን የሚያቀርቡት ዛንዚባርና ፔምባ ነበሩ። እህቴ በጥፍሯ ጫን ብላ ቅባቱ ሲወጣ አየች፤ አሸተተች፤ ተከራከረች፤ ለሱቋ የሚሆን 3 ኪሎ ገዛች። ከጉዞው ሁሉ ገንዘቧን ሳትቆጭ ያወጣችው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ።

የገባን ዕለት ማታ እናታችን «ዐረፋችሁ?» ብለው ጠየቁን። ሁለታችንም ተያየን። በማግሥቱ እህቴ ቅርንፉድ ይዛልኝ ወደ ቤቴ መጣች። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። የቤት ሠራተኛችን፣ እኔ በሌለሁበት 4 ሌሊት ሁለቱን ልጆቼን ስታበላ፣ ስታጥብ፣ ትምህርት ቤት ስትወስድ የሰነበተችው ልጅ፣ የነገውን የልጆቹን ምሳ ዕቃ ታዘጋጃለች። እህቴ ዝም ብላ ተመለከተቻትና፣

«እቴዋ፣ አንቺ የምታርፊው መቼ ነው?» አለቻት።

ልጅቷ መልሱን ከፊቴ ለማግኘት ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከእኛ ጋር ሦስት ዓመቷ ነው። አልተሰደበችም፤ ደመወዟም አንድ ቀን አላደረም። እንዲያውም ደኅና አሠሪ እንደሆንኩ አድርጌ ራሴን እቆጥር ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ሙሉ ቀን የራሷ የሆነ እሑድ አልነበራትም። በቤይሩት ገንዳ ዳር ለቆመችው እህቴ ሳለቅስ፣ በገዛ ማዕድ ቤቴ የቆመችውን አላየኋትም።

እንደሚታወቀው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛ በሳምንት ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት፣ አንድ ዓመት ላገለገለ ደግሞ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ይህ መብት የሚሠራው ለእኛ በቢሮና በፋብሪካ ላለነው ነው። በግለሰብ ቤት የሚሠሩት በሌላ ደንብ እንዲታዩ ተብሎ ከአዋጁ ውጭ ሆነዋል። ስለዚህ የቤት ሠራተኛ ዕረፍት በአመዛኙ የተንጠለጠለው በአንዲት እመቤት ኅሊና ላይ ነው። እመቤቲቱ ደግሞ ራሷ ደክማ የምትገባ፣ በከተማው ኑሮ የተወጠረች እናት ናት። ይህን አልክድም። የራሳችን ድካም ግን የሌላውን ድካም ይሸፍናል እንጂ አያስቀረውም።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ እሑድ የልጅቷ ነው። ማለዳ ወጥታ ማታ ትመለሳለች፤ ወዴት እንደምትሄድ አንጠይቃትም። ለ2018 ዓ.ም. መስቀልም 16 ቀን ከነደመወዟ አገሯ ሰነበተች። ቀላል ነበር አልልም። የመጀመሪያዎቹ እሑዶች ቤቱ ተተረማመሰ፤ ባለቤቴ ሽሮ አቃጠለ፤ ልጆቹ ሳህን ሰበሩ፤ እኔም ተነጫነጭኩ። ቆይቶ ግን የ10 ዓመት ልጄ የራሱን ካልሲ ማጠብ ቻለ። ባለቤቴም ሽሮው መቀጠኑን ካላነሣንበት በስተቀር ደኅና አብሳይ ወጥቶታል።

ለመጓዝ ለምታስቡ ደግሞ እኛ በዋጋ የተማርነውን በነፃ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወሩን ጠይቁ፤ ቅናሽ ሲነገራችሁ «ለምን ቀነሰ?» በሉ። ሁለተኛ፣ ባሕር ከሆነ የምትሄዱበት ቀን በስንት ሰዓት እንደሚሞላና እንደሚጎድል የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ፤ በስልካችሁ ይገኛል። ሦስተኛ፣ የምታድሩበትን ክፍል ራሱን፣ በመስኮቱ የሚታየውንም ጭምር አሳዩን በሉ። አራተኛ፣ «ሁሉም ተካቷል» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ ውኃው፣ ቡናው፣ መጓጓዣው፣ መድኑና ቀረጡ አንድ በአንድ ተጽፎ ይምጣ። አምስተኛ፣ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጡ፤ እኛን ያዳነን ጥቂት ነገር ቢኖር እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተጠያየቁ። የምንፈልገው ዕረፍት ነው? ወይስ ለሰው የምናሳየው ሥዕል? የቤተሰቡ ፍላጎት አብሮ መዋል ከሆነ በቢሾፍቱ ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አንድ ቀን መዋልም ይበቃው ይሆናል።

እህቴ በጉዞው አልተጸጸተችም። «ባልሄድ ኖሮ እስክሞት ይቆጨኝ ነበር» ትላለች። ከሙስካት የተመለሰችው ሴት ጋር አሁንም በስልክ በዐረብኛ ድምፅ ይላላካሉ፤ ስለ ቅርንፉድ ዋጋም ይነጋገራሉ። በዚህ ዓመት ደግሞ ገንዘቧን ከወዲሁ መቆጠብ ጀምራለች። እናታችንን ቁልቢ ልትወስዳቸው ነው። እዚያ ባሕር የለም፤ ስለዚህ የሚጎድልም የለም።

የሳምንት ሰው ይበለን።